አራስ እንዳትሰማ

በእኛ ሰፈር አባባ ወልደአረጋይ በማለዳ ካፖርታቸውን ደርበው ከወጡ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር። ሰውየው የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ከዳኝነታቸው በላይ ግን የሚታወቁት በመርዶ ነጋሪነታቸው ነው። ከኡራኤል ወዲህ ባለው የካዛንቺስ መንደር የማን ወንድም መቀሌ ላይ እንደሞተ፣ የማን እናት ደሴ ላይ እንዳረፈች፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ጆሮ ነው። እሳቸውም ያንን ግራጫ ካፖርት ለብሰው፣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ፣ እህል ሳይቀምስ በር ያንኳኳሉ። ክርስቲያን ሆነ እስላም ለእሳቸው ለውጥ የለውም። እኛ ልጆች ካፖርቱን እንደ ጅብ ነበር የምንፈራው። ካፖርቱን ሲያወልቁት ግን ከረሜላ ከኪሳቸው የማይጠፋ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ወዲህ ባሉት ዓመታት በአንዱ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ያንን ካፖርት በገዛ ግቢያችን ውስጥ አየሁት። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ።

ግቢያችን የቀበሌ ቤቶች የተደረደሩበት ነው። በመንገዱ በኩል ባለችው የቆርቆሮ ክፍል አባቴ ገብረዋህድ ጎማ ይጠግናል፤ ጎሚስታ ነው። ከኋላ እኛ እንኖራለን። ግድግዳ የሚጋሩን ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ዓብዱልፈታሕና ሚስታቸው እትዬ ሀፊዛ ናቸው፤ የወሎ ሰዎች። ከነሱ ጋር ከሥጋ በቀር የማንካፈለው ነገር አልነበረም። በጉ ለየብቻ ይታረዳል፤ ጨው፣ ስኳር፣ ጃንጥላና ጭቅጭቅ ግን የጋራ ነው። እናቴ ፍረወይኒ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። ወንድሜ ገና ክርስትና አልተነሳም። አባቴ ደግሞ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እናቴ የምታውቀው ለምርመራ መተኛቱን ነው።

እኔ ግን ከእሷ የበለጠ አውቅ ነበር። ከመተኛቱ በፊት አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አባቴን ውሃ በተሞላው ገንዳ አጠገብ ቁጭ ብሎ የተነፋ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ሲያገላብጥ አገኘሁት። ከመነዳሪው በአንድ በኩል እንቁላል የዋጠ ይመስል አብጧል።

"ሉሊ፣ ነይ እስኪ። ይሄ ምን ሆኗል?"

"አብጧል።"

"ለምን?"

"እዚያ ጋ ስለሳሳ።" የጎሚስታ ልጅ ነኝ፤ ይህማ አይጠፋኝም።

"ጎሽ! የእኔም ደረት ውስጥ እንዲህ ነው። ከልብ የሚወጣ ትልቅ የደም ቧንቧ አለ፤ ሁሉም ሰው አለው። የእኔ ሳስቶ አብጧል አሉኝ።"

"ሊፈነዳ ነው?"

"ሳይፈነዳ ነዋ የሚያሠሩት! ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አሉ። ከእኛዎቹ ጋር ሆነው ያበጠውን ቆርጠው ያወጡና ከጨርቅ የተሠራ አዲስ ቧንቧ ይሰፉበታል።"

"ሲቆርጡትስ? ልብህ ምን ይሆናል?"

አባቴ ሳቀ። ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። "ጎማ ሲፈታ መኪናው ምን ላይ ይቆማል?"

"ክሪክ ላይ።"

"በቃ፣ እኔንም ክሪክ ላይ ያቆሙኛል። ልብን አሳርፎ የልብን ሥራ የሚሠራ ማሽን አላቸው። ሰፍተው ሲጨርሱ ክሪኩን ያወርዳሉ፤ እኔም እነዳለሁ።" ከዚያ ከመነዳሪውን አስተነፈሰና ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። "ለእናትሽ ግን አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። አራስ ናት። ለምርመራ ነው የምተኛው፣ እሺ?"

ዛሬ ሳስበው፣ ስለ ሕመሙ የነገረኝ ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር። ሐኪሞቹ አኦርታ የሚሉት ትልቁ ቧንቧ ከልቡ በሚነሣበት ቦታ ተለጥጦ ሊቀደድ ደርሶ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ ሲያነሳ ደረቱን የሚወጋው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ያኔ አገር ውስጥ የሚገኘው የውጭዎቹ ሐኪሞች በዓመት አንዴ ሲመጡ ነው፤ ተራው ደግሞ የደረሰው እናቴ በወለደች ሰሞን ሆነ። "ሚስቴ ትነሳና በሚቀጥለው ዓመት ልምጣ" ቢላቸው፣ አንዱ ሐበሻ ሐኪም "ቧንቧው ቀጠሮ አያከብርም" አለው። አባቴ ያልነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከክሪኩ ሳይወርድ የሚቀር ሰው እንዳለ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ጎህ ሲቀድ ሽንት ቤት ልሄድ ወጣሁ፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ከግቢው ጥግ። አባባ ወልደአረጋይ ከነካፖርታቸው የጋሽ ዓብዱልፈታሕ በር ላይ ቆመዋል። ጋሽ ዓብዱልፈታሕ ሽርጥ እንዳገለደሙ ሞባይላቸውን ጨብጠው ያለቅሳሉ። እኔ ከውሃው በርሜል ኋላ ተሸጎጥኩ።

"ወንድሙ ነው ከሆስፒታል የደወለው" አሉ ጋሽ ዓብዱልፈታሕ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።"

"በል አሁን ማልቀስ አይጠቅምም" አሉ አባባ ወልደአረጋይ። "ዋናው አራሷ እንዳትሰማ። ጥሩምባም አይነፋም፤ እኔው በየበሩ እየዞርኩ እጠራለሁ። ፍቅሬ ሚኒባሱን እዚህ ሳይሆን ከታች ያቁም።"

"ስንት ሰው ይሂድ?"

"መቆም የሚችል ሁሉ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ካፖርቱ አለ። ያቺን የዓረብኛ ቃል የእትዬ ሀፊዛ እናት የሞቱ ቀን በእነሱ ቤት ሲሏት ውለዋል። የእድሩ ጥሩምባ እንዳይነፋ የተደረገው ደግሞ እናቴ እንዳትሰማ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? ከመነዳሪው ፈንድቷል። አባቴ ሞቷል። እስላሞች ያቺን ቃል ቁልፍ ሲጠፋባቸው እንኳ እንደሚሏት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። የያዘኝ የደብሪቱ ነገር ነው። ደብሪቱ ከታች ያለች ጎረቤታችን ናት፤ ባለፈው ዓመት አራስ ሳለች ወንድሟ ሞተ። መንደሩ በሙሉ ተማምሎ ደበቃት። አባባ ወልደአረጋይ እኛን ልጆች ለብቻ ሰብስበው፣ "አራስ መርዶ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል። ወተቷ ከደረቀ ሕፃኑ ይሞታል። ስለዚህ የሚያወራ ልጅ ሕፃኑን ገደለ ማለት ነው" አሉን። እኛም ክርስትናው እስኪነሳ ድረስ፣ ደብሪቱ በመስኮት "ወንድሜን አይታችሁታል?" ስትለን "ደህና ነው፣ አሁን አለፈ" እያልን ከረምን። ከአንድም ልጅ አፍ አላመለጠም። በዚህ በኩል የካዛንቺስ ልጅ ጥብቅ ነው።

ስለዚህ የመጣብኝን ጩኸት መልሼ ዋጥኩት። አባቴ እንደሆነ አንዴ ሄዷል። ወንድሜ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ እየጠባ ነው፤ የእሱ ሕይወት በእናቴ ጡት ነው፣ የእናቴ ጡት ደግሞ በእኔ አፍ። በርሜሉ ኋላ ቁጭ ብዬ ነጠላ ጫማዬን እያየሁ ፊቴን አስተካከልኩ። ሳልጨርስ እንኳ የመንደሩ ሰው ነጠላውን እያጣፋ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ በአንድ ከግቢው ሲወጣ አየሁ። እትዬ ሀፊዛ ወጡ። አባቴ በሌለበት ጎሚስታውን የያዘለት ባልደረባው መብራህቱ ወጣ። የፍቅሬ ሚኒባስ ከታች ተነሳ፤ "ስታዲየም፣ ስታዲየም!" የሚል የረዳት ድምፅ ሳይሰማበት። ሬሳውን ሊያመጡ ነው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ እናቴ ዘንድ ገባሁ።

ስለ ራሴ እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ሥራ የሚባል ነገር በጎኔ የማያልፍ፣ ሲያዝዙኝ እግሬ የሚተሳሰር ልጅ ነበርኩ። ያን ዕለት ግን ቤቱን ጠረግሁ። የወንድሜን ጨርቆች አጠብኩ። የትላንቱን ሳህን ሁሉ ፈትጌ አጠብኩና፣ ንጹሁንም ደግሜ አጠብኩት። ጠጉሬን ማንም ሳያሳድደኝ በገዛ እጄ አበጠርኩ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና በዓይኗ ትከተለኛለች።

"ምን ሰበርሽ?" አለችኝ።

"ምንም አልሰበርኩም።"

"ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። አራስ ስለሆንሽ ነው።"

ከዚያ እንዳታስብ ማሳቅ ያዝኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን ጠመኔ ሲጠፋባት እንዴት ጠረጴዛዋ ሥር እንደምትገባ፣ ስትወጣም ጭንቅላቷን እንዴት እንደምትመታ ተጫወትኩላት። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እያንዳንዱ ሳቋ ለእኔ አንድ ጭልፋ ወተት ነበር። ወንድሜ ሲጠባ ጉሮሮውን እያየሁ፣ መዋጡን እየጠበቅሁ፣ ሌላ ቀልድ አወጣለሁ። በመካከል ውጭ እወጣና ፊቴን ውሃ እረጫለሁ።

ረፋዱ ላይ እናቴ ድንገት ጆሮዋን አቀናች።

"ሉሊ፣ ኮምፕረሰሩ ለምን ዝም አለ?"

ጎማ የሚነፋው የአባቴ ኮምፕረሰር ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጓራ ነው የሚውለው። እኛ ለምደነው አንሰማውም፤ የምንሰማው ዝም ሲል ነው። መብራህቱ ከሰዉ ጋር ሄዷል፤ ጎሚስታው ተዘግቷል። ይህን አልተዘጋጀሁበትም ነበር።

"መብራት ጠፍቷል" አልኳት።

ምች እንዳይመታት የክፍሉ መስኮት በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ ስለዚህ ቀንም አምፖል ይበራል። እኔ ይህን ስናገር ያ አምፖል ከራሳችን ላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነበር።

እናቴ አምፖሉን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። በሳሙና የተጨማደደ እጄን፣ ያበጠርኩትን ጠጉሬን አየች። "እሺ ጓለይ" አለች። ልጄ ማለቷ ነው፤ ትግርኛዋ የሚመጣው ስትቆጣ ወይም አንጀቷን ስበላት ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወዲያው ተመለሰች፤ "በይ እስኪ ያቺን አስተማሪሽን ድገሚልኝ" አለች። ደገምኩላት። ከመጀመሪያው ይልቅ ጮክ ብላ ሳቀች። እንዴት ያለሁ የተዋጣልኝ ውሸታም ነኝ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ሚኒባሱ ተመለሰ። ሮጬ ወጣሁ። ሬሳ የለበትም፤ እዚያው ቀብረውት መጥተዋል አልኩ። መጀመሪያ የወረደው ባለ ሚኒባሱ ፍቅሬ ነው፤ ያውም ራሱ አልወረደም፣ ሁለት ሰው በሁለት ብብቱ ገብቶ አወረደው እንጂ። ፊቱ አመድ መስሏል። መኪናውን እየነዳ የመጣው መብራህቱ ነው። ፍቅሬ አባቴን እንዲህ እንደሚወደው አላውቅም ነበር፤ እንባዬ መጣ። ግን ከኋላው የወረዱት ሰዎች ብስኩት እየበሉ፣ ሚሪንዳ እየጠጡ፣ ይባስ ብሎም ይሳሳቃሉ። ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ታጥቦ ንፍሮ ይቆረጥማል እንጂ ሚሪንዳ ይጠጣል? በሐዘናችን ላይ የቀለዱ መሰለኝና ሁሉንም በየተራ ገላመጥኳቸው።

እትዬ ሀፊዛ አጥሚት አሙቀው ወደ እናቴ ገቡ። ጽዋውን ሲዘረጉ እጅጌያቸው ወደ ላይ ሸሸት አለ፤ ክንዳቸው መታጠፊያ ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል፣ ቀሚሳቸውም ላይ የደም ጠብታ አለ። ገባኝ። ሐዘንተኛ ሴት ፊቷን ትነጫለች፤ እትዬ ሀፊዛ ግን እናቴ እንዳታውቅ ፊታቸውን ትተው ክንዳቸውን ነጭተዋል። ከዚህ በላይ ብልህ ሴት ከየት ይመጣል?

እናቴም ደሙን አየችው። ወንድሜን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው።

"ጠጪ እስኪ ፍረወይኒ፣ ወላሂ ዛሬ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት" አሉ እትዬ ሀፊዛ።

ሳምንቱን ሙሉ አጥሚት ሰለቸኝ ብላ ስታስቸግር የሰነበተችው እናቴ ጽዋውን ተቀብላ እስከ አተላው ጨለጠችው። "ድገሚኝ" አለች። ሁለተኛውንም ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው። እትዬ ሀፊዛ ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። አባቴ ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት በዋዜማው ነበር። ያበጠው ቧንቧ ወጥቶ ጨርቁ ተሰፍቶለታል። ሌሊቱን ግን ከስፌቱ አንድ ቦታ ደም እያዣ አስቸገረ፤ ይህ እንዲህ ባለ ሕክምና የሚያጋጥም ነገር ነው። ሐኪሞቹ ደረቱን እንደገና ከፍተው ያቺን ነጥብ ፈልገው መስፋት ነበረባቸው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ የሚፈሰውን የሚተካ ደም ያስፈልጋል። የተዘጋጀው እያለቀ ነው። አጎቴ በማለዳ ለጋሽ ዓብዱልፈታሕ የደወለው "ሰው ላኩልኝ" ሊል ነው። ጋሽ ዓብዱልፈታሕ ደግሞ ሰፈሩን በአንድ ጊዜ ከአልጋ ማስነሳት የሚችል ሰው ከአባባ ወልደአረጋይ ሌላ አያውቁም። ካፖርቱን የለበሱት በልማድ ነው፤ ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ሌላ ልብስ ለብሰው ወጥተው አያውቁም።

በየበሩ ያንኳኳሉ፤ ሰው ካፖርቱን አይቶ "ማን ሞተ?" ይላቸዋል፤ "ገና ማንም። ተነስ፣ ደም ስጥ!" ይሉታል። ደም ባንክ ሲደርሱ እሳቸውን ዕድሜዎ አልፏል ብለው መለሷቸው። "የእኔ ደም ምን ሆነና ነው?" ብለው ተቆጥተው፣ የሰዉን ሁሉ ነጠላና ጋቢ ታቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ዋሉ። ፍቅሬ መርፌውን ሲያይ ነው የወደቀው። ብስኩቱና ሚሪንዳው ደም ለሰጠ ሰው የሚሰጥ ነው። ሳቁም የፍቅሬ ነው።

አመሻሹ ላይ ግቢው ውስጥ ኮቴ በረከተ። በሩ ተንኳኳ። አባባ ወልደአረጋይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገቡ፤ ከኋላቸው ጋሽ ዓብዱልፈታሕ፣ እትዬ ሀፊዛ፣ በሩ ላይ ደግሞ ገሚሱ ሰፈር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና በርጩማ ስበው ከአልጋው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

እናቴ ወንድሜን ከጡቷ አላቀቀችውና ለእኔ አቀበለችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች።

አባባ ወልደአረጋይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ፍረወይኒ ልጄ" ብለው ጀመሩ፣ "እንግዲህ የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ላይ እንግዳ ነው..."

"አይንገሯት!" ብዬ ጮህኩ። ወንድሜም በድንጋጤ ጮኸ። "አባባ ወልደአረጋይ፣ አይንገሯት! እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት! ወተቷ ይደርቃል! ክርስትናው ይነሳ!"

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። እናቴ ግን እጄን ያዘችኝ። "ተይ ጓለይ" አለች፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። "አውቄዋለሁ። ከጠዋት ጀምሬ አውቄዋለሁ። ይናገሩ ጋሽ ወልደአረጋይ፣ መቼ ነው ያረፈው?"

"ማን ነው ያረፈው?" አሉ ሽማግሌው።

"ኸረ በአላህ!" ጋሽ ዓብዱልፈታሕ ሰዉን ገፍተው ወደ ፊት መጡ። "ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ምን ነካዎት? እንዲህ ነው የምሥራች የሚነገረው? ፍረወይኒ፣ ገብረዋህድ ነቅቷል! ትላንት ቀደዱት፣ ሰፉት፣ ዛሬ ደግሞ ጥቂት ደም አስቸግሮት ነበር፣ እሱም ቆመ። ወላሂ ነቅቷል! ቱቦውን ከአፉ ሲያወጡለት መጀመሪያ ያላት ቃል ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ? 'ፍረወይኒ እንዳትሰማ!'"

የእትዬ ሀፊዛ እልልታ ቤቱን ሞላው። ከውጭ ተቀበሏት። እናቴ ግን የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ከዚያ አገጯ፣ ከዚያ ሁለንተናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ ያቆየችውን ለቅሶ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። እኔም ወንድሜን እንደታቀፍኩ ለቀቅሁት። ሰዎቹ ግራ ገባቸው፤ የምሥራች ተነግሮት እንዲህ የሚያለቅስ ቤት አይተው አያውቁም።

"እኔ መቼ የምሥራች ተናግሬ አውቃለሁ?" ይላሉ አባባ ወልደአረጋይ ለራሳቸው፣ ባርኔጣቸውን እያሻሹ። "መግቢያውን ከየት ላምጣው?"

በዚያ መሃል የእናቴ ቀሚስ ከደረቷ ጀምሮ እስከ ወገቧ መርጠቡን አየሁ። ደነገጥኩ። "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

እናቴ ቀሚሷን አየችና በእንባዋ መካከል ሳቀች። "ወተት ነው፣ ጓለይ። አምጪው ልጁን፣ ሳይፈስ።" ወንድሜ አፉን ከፍቶ ተቀበለ፤ ትን እስኪለው ድረስ ጠባ።

ሰዉ ሲወጣ ወደ እሷ ተጠጋሁ። "አንቺን ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"ማንም። ካፖርቱን አየሁ። አንቺንስ ማን ነገረሽ?"

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም!"

"ሳህን አጠብሽ" አለች እናቴ። "ከዚያም መብራት ጠፍቷል አልሽኝ። አባትሽ ሞቶ፣ ልጄ አውቃ፣ እኔ እንዳላውቅ እንዲህ ስትለፋ ሳይ፣ ምን ላድርግ? እንዳላወቅሁ ሆንኩ። የሄደውን አልመልሰው፣ ይህን ግን አላስርበውም ብዬ ያን አጥሚት ጠጣሁት።"

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ ደህና የሆነ ሰው ሞቷል ብለን፣ አንዳችን ለአንዳችን ስንስቅ ዋልን። የአስተማሪዬን ቀልድ ዛሬም ሳስታውሰው የሚያስቅ አይደለም። ያን ቀን ግን እናቴ ሦስቴ አስደግማኛለች።

አባቴ ቤት የገባው ከስቶ፣ በሁለት እጁ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው፤ ሲያስል ስፌቱን እንዲደግፍለት። የደረቱን ጠባሳ ከፍቶ አሳየኝ። "ጥገናው ጥሩ ነው?" አለኝ። አጎንብሼ መረመርኩት፤ ጥሩ ነው አልኩት። ጋሽ ዓብዱልፈታሕ ሊጠይቁት ሲመጡ፣ "እንግዲህ ደሜን ወስደሃል፤ ለዒድ የእኛን ሥጋ ከመብላት ምን ይከለክልሃል?" አሉት። አባቴ ትራሱን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ትከሻውን እየነቀነቀ ሳቀና፣ "ደሙ በክንዴ ነው የገባው፣ በአፌ አልገባም" አላቸው። በጉ እስከ መጨረሻው ለየብቻ ታረደ።

ያ ጨርቅ ቧንቧ ዛሬም ደረቱ ውስጥ አለ። በየጊዜው እየሄደ ያስመረምራል፤ ሐኪሞቹ ፎቶውን አይተው "ይዟል" ይሉታል፣ እሱም ሲመለስ ለእኔ "ይዟል" ይለኛል። ሰፈሩ ግን አልያዘም። ካዛንቺስ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። አባቴ ኮምፕረሰሩን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። አባባ ወልደአረጋይን ልጃቸው ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ወሰደቻቸው፤ ከፎቁ ስለማይወርዱ ካፖርቱ ቁም ሳጥን ገባ። መብራት ጠፍቷል የምትለዋ ቃል ግን እንደ ምሥጢር ቃል በቤታችን ቀርታለች። አባቴ ከቀጠሮ ሲመለስ እናቴ "እውነቱን ተናገር፣ መብራት አለ?" ትለዋለች።

ዘንድሮ እኔም ወለድኩ። ሴት ልጅ ናት። አባባ ወልደአረጋይ እንደወለድኩ ሰምተው፣ ሊፍት ሰው ይፈጃል ብለው የሚሸሹት ሽማግሌ፣ "በሊፍትም ቢሆን ወርጄ ሕፃኗን አያታለሁ" ብለው ልከውልኝ ነበር። ስጠብቃቸው ሰነበትኩ። በአንዱ ጠዋት እናቴ በማለዳ መጣች። ነጠላዋን አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ንጹሁንም ጭምር።

"እማዬ" አልኳት፣ "አባባ ወልደአረጋይ እስካሁን ለምን አልመጡም?"

እናቴ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ሊፍቱ ቆሞባቸው ነው" አለች። "መብራት ጠፍቷል አሉ፣ ከተማው በሙሉ።"

ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት። ከራሴ በላይ ቦግ ብሎ ይበራል።

"እሺ እማዬ" አልኳት፤ ልጄንም ወደ ሌላው ጡቴ አዛወርኳት።